አያቴ ላይዳውን ሲያስቀምጡ

የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እመዘግባለሁ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አውሮፕላን አበርራለሁ። በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ፍላይትጊር በሚባለው ነፃ ሲሙሌተር። አብዛኛውን ጊዜ የምነሳው ከኮምቦልቻ ነው፤ የማርፈው ቦሌ።

ከበረራው ሁሉ በጣም የምወደው ሞተር ሳላስነሳ በፊት ያለውን ጥቂት ደቂቃ ነው። ደብተሬን እከፍትና አንድ ቁጥር እጽፋለሁ። ስደርስ የማርፈው በየትኛው ማኮብኮቢያ ነው?

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ቦሌ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት። በአንደኛው አቅጣጫ 07፣ በተቃራኒው 25 ተብለው ይጠራሉ። ቁጥሩ ላይ ዜሮ ስትጨምሩበት የኮምፓሱን አቅጣጫ ታገኛላችሁ። በ07 የሚያርፍ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ 70 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ገደማ ነው። በ25 የሚያርፈው ደግሞ ወደ ምዕራብ ገደማ። ነፋስ የሚጠራው በሚሄድበት ሳይሆን በሚመጣበት ነው። አውሮፕላን ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ማረፍ ይፈልጋል። ስለዚህ የአየር ዘገባው "080 ዲግሪ፣ 12 ኖት" ካለ መልሱ 07 ነው፤ ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው።

ቦሌ ላይ ይህ ነገር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይከብዳል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 120 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ አየሩን የሚቀዝፈው 137 አካባቢ በሆነ ፍጥነት ነው። 15 ኖት ከፊት ቢነፍስ መሬቱን በ122 ትነካላችሁ። ያው 15 ከኋላ ቢሆንስ? በ152። ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከባድ ነገር ነው።

ለረጅም ጊዜ ግምቴን የምሠራው የመጨረሻውን የአየር ዘገባ፣ ሜታር የሚሉትን፣ አንብቤ ብቻ ነበር። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው? 07። ከምዕራብ ነው? 25። አለቀ።

ያለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ይህ አሠራር ጉድ አደረገኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ዳሽ 8 የሚባለውን አውሮፕላን ይዤ ከኮምቦልቻ ተነሳሁ። የቦሌ ዘገባ "100 ዲግሪ፣ 8 ኖት" ይላል። 07 ብዬ ጻፍኩ፣ አቀራረቤንም በዚያው አሰናዳሁ። በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ አይቆይም። መውረድ ስጀምር ሲሙሌተሩ አዲሱን ዘገባ አወረደ። እኔ ግን አላየሁትም። ያየሁት ቁልቁለቱን ነው። ነፋሱ ከፊቴ ቢሆን በደቂቃ 600 ጫማ መውረድ ነበረብኝ። መርፌው 800 እያሳየ ነው፤ ሆኖም ከመውረጃው መስመር በላይ ነኝ። ጋዝ ቀነስኩ፤ አሁንም በላይ ነኝ። ያኔ ገባኝ፤ ከኋላ የሚገፋኝ ነፋስ ነው። ጋዙን ሰጥቼ ተመልሼ ወጣሁ። ዘገባውን ሳየው "260 ዲግሪ፣ 16 ኖት፣ ሲቢ" ይላል። ሲቢ ነጎድጓድ የያዘ ትልቅ ደመና ነው።

እናቴ ቡና ይዛ ገብታ "አረፍክ እንዴ ልጄ?" አለችኝ። "አላረፍኩም እማ፤ ነፋሱ ዞረብኝ" አልኳት። "ነፋስማ ይዞራል፤ አባባን ብትጠይቅ ይነግርህ ነበር" አለችኝ።

አባባ የእሷ አባት ናቸው። ሐርቡ አጠገብ ያርሳሉ። የእናቴ ንግግር አንድ የታኅሣሥ ቀን አስታወሰኝ። ልጅ ሆኜ አውድማ ይዘውኝ ሄደው ነበር። ጤፉ ተበራይቶ መሐል ላይ ተከምሯል። ጠዋት ነው፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ጎረቤት መጥቶ "አባቴ፣ ዛሬ ነፋስ የለም፤ ለነገ ይቆይ" አላቸው። "አብሽር፣ ይመጣል" አሉት። ከዚያ ላይዳውንና መንሹን አነሱና ከክምሩ በአንደኛው ጎን አስቀመጡ። በሌላው ጎን የተቀመጡትን ልጆች ደግሞ አስነሱ፤ ገለባው የሚወድቅበት በዚያ ነዋ። ነፋስ ግን ገና የለም። ምሳ በላን፣ ቡናው ሦስተኛው ደረሰ። ወደ 8 ሰዓት ሲጠጋ ፊቴን አንድ ነገር ዳሰሰኝ። አያቴ ብድግ አሉ። ገለባው ልጆቹ በተነሱበት ቦታ ላይ ወደቀ።

ያን ቀን አያቴ ያነበቡት ነፋሱን አልነበረም፤ ሰዓቱን ነው። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ከሸለቆው ያለው አየር ይከተለዋል። ሲመሽ ተራራው ይቀዘቅዝና ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ያወቁት በየዓመቱ አውድማ ላይ ቆመው ነው። እኔ ደግሞ ዘገባው ስለ አሁን እንደሚናገር፣ የማርፈው ግን ቆይቼ እንደሆነ ዘንግቼ ነበር።

አሁን አሠራሬ ተቀይሯል። መጀመሪያ የምጽፈው የምደርስበትን ሰዓት ነው። የአየር ዘገባ የሚጻፈው በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው፤ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ስትጨምሩ ዙሉ ይሆናል። 9 ሰዓት ላይ የምደርስ ከሆነ 12 ዙሉ ማለት ነው። ከዚያ ትንበያውን፣ ታፍ የሚባለውን፣ እከፍታለሁ። ሜታር ሲጻፍ የነበረውን ነው የሚነግረኝ፤ ታፍ ግን የሚመጣውን። እዚያ ውስጥ "ቴምፖ" የሚል ቃል ካየሁ ቆም እላለሁ። ለጥቂት ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ለውጥ ማለት ነው። ከቴምፖ ቀጥሎ ሲቢ ካለ፣ የክረምት ከሰዓት ከሆነ፣ ዋናውን ነፋስ ብቻ አላምንም። ነጎድጓድ ሲዘንብ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲነካ ወደ ሁሉም ጎን ይበተናል። የሜዳውን ነፋስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገለብጠው ይችላል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ደረቁ የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ፣ በ07 ላይ እርግጠኛ ሆኜ እጽፋለሁ።

የጎን ነፋስንም በሒሳብ አየዋለሁ። ነፋሱ ከማኮብኮቢያው 30 ዲግሪ ከዞረ ግማሹ በጎን ይመታል። 60 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከፊት የሚቀረው ግማሹ ብቻ ነው፤ በጎን የሚመጣው አብዛኛው ነው። ነፋሱ ከ160 ዲግሪ ከሆነ ለ07ም ለ25ም እኩል የጎን ነፋስ ነው። እንዲህ ሲሆን፣ ወይም ነፋሱ 2 እና 3 ኖት ብቻ ሲሆን፣ ምርጫው የነፋስ መሆኑ ይቀራል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹ ስንት አውሮፕላን ከየት እየመጣ እንደሆነ፣ የትኛው ጫፍ በመሣሪያ እየተመሩ ለመቅረብ እንደሚመች ያያሉ። እንዲህ ያለ ቀን ሁለቱንም አቀራረብ አዘጋጅቼ እነሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሐረጎ አስተምሮኛል። በክረምት ደሴን በጭጋግ ውስጥ ትቼ እወጣለሁ፤ የፊት መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። መንገዱን ጨርሼ ኮምቦልቻ ስገባ ፀሐይ ነው፤ ጃኬቴን አወልቃለሁ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ከፍታው ግን በ600 ሜትር ገደማ ይለያያል። ስለዚህ ሲሙሌተሩ ለአንድ ሜዳ የራሱን ዘገባ ሲያጣና ከሌላ ጣቢያ ሲበደርለት እጠነቀቃለሁ። የጎረቤት ነፋስ የራስ ነፋስ አይደለም፤ በተለይ መሐላቸው ተራራ ካለ። ለኮምቦልቻ የምገምተው ዘገባውን ብቻ አይቼ አይደለም። የሥራ ቀን ከሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ደጅ ወጥቼ ጭስ ወዴት እንደሚያዘም አያለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ 7 ከ40። የጦሳ ተራራ አናቱ በደመና ተሸፍኗል፤ መብራት እስካሁን አለ። ለአባባ ደውዬ ነበር። "ከሰዓት ይከብዳል፤ ጠዋት ሙቀቱ አላስቀመጠንም" አሉኝ። ይህ የሐርቡ ነው፤ የቦሌ አይደለም። ግን ጆሮዬን አቆመው። የቦሌ ሜታር "090 ዲግሪ፣ 5 ኖት" ይላል። ታፉ ደግሞ ከ12 ዙሉ ጀምሮ ቴምፖ፣ ነጎድጓድ፣ ከ240 ዲግሪ የሚመጣ ብርቱ ነፋስ። እኔ የምደርሰው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ደብተሬ ላይ 25 ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ደግሞ፣ ደመናው እስኪያልፍ ለመዞር፣ የግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ነዳጅ።