ሳይጋገር የተሠራ የገና ኩኪስ፤ በበሶ፣ በለውዝና በቸኮሌት

ቤታችን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ዳር ነው። ኦቭን የለንም። ያለን አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የእንጀራ ምጣድና መብራት ሲጠፋ የምናቀጣጥለው የከሰል ማንደጃ ነው። በ2017 ዓ.ም. ገና ሲቃረብ ከተማ ወርደን ሳለ ትንሿ ልጄ በአንድ ኬክ ቤት መስኮት ግማሽ ጎኑ ቸኮሌት ውስጥ የተነከረ ኩኪስ አየችና «ለገና እኛም እንሥራ» አለችኝ። ኦቭን እንደሌለን ታውቃለች፤ እናቷ የማትችለው ነገር ያለ ግን አይመስላትም። እሺ አልኳት።

ያንን እሺ ለመፈጸም ሁለት ገና ፈጅቶብኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ከሱቅ የታሸገ ብስኩትና ሁለት ጥፍጥፍ ቸኮሌት ገዛሁ። ብስኩቱ የተጋገረ ስለሆነ የሚቀረኝ መንከር ብቻ ነው ብዬ ሥራውን ለዋዜማው ምሽት አቆየሁት። በምድጃው ላይ ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት እያቁላላሁ፣ በከሰሉ ላይ ውሃ ጣድሁ። ውሃው ሲፈላ ድስቱ አፍ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ቸኮሌቱን ቆራርጬ ጨመርሁበት። ቶሎ እንዲቀልጥልኝ ብዬ ሳህኑንም ድስቱንም በአንድ ትልቅ ክዳን ከደንኋቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር። ክዳኑን ሳነሳ ሆዱ ላይ የተጠራቀመው ላብ ጠብ ጠብ እያለ ቸኮሌቱ ውስጥ ገባ። ማማሰል ስጀምር ያ የሚያብረቀርቅ ቸኮሌት ዓይኔ እያየ ተቋጠረ፤ እንደ ደረቀ ጭቃም ይፈረካከስ ጀመር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ቸኮሌት በካካዎ ቅቤ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ካካዎና ስኳር ነው፤ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ጥቂት ጠብታ ሲገባበት ስኳሩ ይረጥብና ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጥቂት ውሃ ያበላሸውን ግን በርከት ያለ ውሃ ያቃናዋል። ሙቅ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሁ ሳማስለው መልሶ ለሰለሰ። ለመንከሪያ አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ አይደርቅምና። በበዓሉ ጠዋት ለልጆቹ የሚጠጣ አደረግሁላቸው።

ሁለተኛውን ጥፍጥፍ ሳልከድን አቀለጥሁት። ውሃው ግን እየተንተከተከ ስለነበር ቸኮሌቱ ከልክ በላይ ጋለ። ብስኩቶቹን ነከርሁና ትሪው ላይ ደርድሬ ማንደጃው አጠገብ አሳደርኋቸው። ጠዋት ስነሳ አመድ የተነፋባቸው መስለው ነጣ ነጣ ብለው አገኘኋቸው። አልሻገቱም፤ ቢበሉም ጉዳት የላቸውም። ካካዎ ቅቤ ከመጠን በላይ ግሎ ቀስ እያለ ሲረጋ ቅንጣቶቹ በወጉ ስለማይደራጁ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይነጣል። ከንጣቱ የባሰው ግን ሽታው ነበር። ልጄ አንዱን ነክሳ «እማዬ፣ ወጥ ወጥ ይላል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቅባት ያገኘውን ሽታ ይጠጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁሌት በሸተተ ቤት ውስጥ ቸኮሌት ገልጬ አሳድሬ ሌላ ምን እጠብቃለሁ? በበዓል ዋዜማ ቸኮሌት አይሠራም። ከተማርሁት ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ብስኩቱም አላረካኝም ነበር። ያው የፋብሪካ ብስኩት ነው፤ የኛ ቤት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጎረቤቴ «የስንዴ ዱቄት በስኳርና በማርጋሪን ለውሰሽ አድቦልቡይው» ብላ መክራኝ ነበር። ምክሯን በክብር ሰማሁ፤ አላደረግሁትም። ጥሬ ዱቄት እሳት ያላየ እህል ነው። ከማሳና ከወፍጮ ቤት ይዞት የመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ ጥሬ ጥሬ ማለቱም አይቀርም። ሳይጋገር የሚበላ ነገር እሳቱን ቀድሞ ያየ መሆን አለበት።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ ከፋሲካ በኋላ እናቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ በሶ ይዛልኝ መጣች። ገብሱ ተፈትጓል፣ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፤ በውሃ በጥብጠው ቢጠጡት ወይም በማር ቢለውሱት የሚበላ ነው። ቤቴ መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ ያለውን ነገር በሌላ ስም ስፈልግ ከርሜአለሁ። ከተሜዎች በሶን የመንገደኛና የተማሪ ስንቅ አድርገን ብቻ ማየታችን ያሳዝነኛል። የተቆላ ገብስ ያለው መዓዛ ከብዙ ብስኩት ይበልጣል፤ ከጥቁር ቸኮሌት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የተቆላ ቡናን ያስታውሳል።

ሌላው ጉዳይ ጾሙ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ለገና የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚሞከረው በጾም ውስጥ ነው። ቅቤና ወተት ያለበትን ነገር ሳይቀምሱ ማመጣጠን ከባድ ነው። ስለዚህ ኩኪሱን ከመነሻው የጾም አደረግሁት፤ በቅቤ ፋንታ ለውዝ፣ በወተት ቸኮሌት ፋንታ ጥቁር ቸኮሌት። እዚህ ላይ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ጥቁር የተባለ ቸኮሌት ሁሉ ከወተት ዱቄት ነጻ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ በካካዎ ቅቤ ፋንታ በዘንባባ ዘይት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን አልንቀውም፤ ቀልጦ ያለ ብዙ ጥንቃቄ ስለሚረጋ ለጀማሪ ይቀላል። ጣዕሙ ግን እንደ ካካዎ ቅቤው አፍ ውስጥ ሟሙቶ አይጠፋም። እኔ ካካዎ ቅቤ ያለውን መርጬ መርካቶ የኬክ ግብዓት ከሚሸጥበት ሱቅ 300 ግራም ገዛሁ።

ለሊጡ 200 ግራም በሶ፣ 250 ግራም የለውዝ ቅቤ፣ 150 ግራም ማር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና አንድ ቁንጥጫ ጨው በቃኝ። የለውዝ ቅቤውን ራሴ ነው የሠራሁት። የባቢሌ ለውዝ አግኝቼ ሰፌድ ላይ ለቀምሁት፤ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና ሻጋታ የነካውን አንድ በአንድ አውጥቼ ጣልሁ። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም። በሻገተ ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ቢቆላም አይጠፋም፤ ጉበት ይጎዳል። የተለቀመውን በቀስታ ቆልቼ፣ ገለፈቱን አሽቼ አበጠርሁና ዘይቱን አውጥቶ እስኪለሰልስ ፈጨሁት።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ማምሻውን ማሩንና የለውዝ ቅቤውን በአንድነት ለስላሳ እሳት ላይ አድርጌ ለብ አደረግኋቸው። አይፍላ፤ ማሩ ከፈላ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ይጠነክራል። ከእሳት አውርጄ ጨውና ኮረሪማ ጨመርሁ፤ ከዚያ በወንፊት የነፋሁትን በሶ በሦስት ጊዜ ከፍዬ ለወስሁበት። በሶ ችኩል አይወድም። መጀመሪያ እርጥብ ይመስላል፤ አሥር ደቂቃ ቢተዉት እርጥበቱን ይጠጣና ራሱ ይጠነክራል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ይህን ሳላውቅ ቀጠነ ብዬ በሶ ጨመርሁበትና ሊጡ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሲደርቅ መፍትሔው ውሃ አይደለም፤ ውሃ ያለበት በሶ አያድርም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

40 እንክብል ወጣው። እያንዳንዱን በሻይ ብርጭቆ ቂጥ ጫን እያደረግሁ ጠፍጣፋ አደረግሁና ትሪ ላይ ደርድሬ፣ ጨርቅ አልብሼ የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳደርሁ። የሱሉልታ የታኅሣሥ ብርድ ማቀዝቀዣ አያስመኝም። ጠዋት ሁሉም ደርቀው፣ ጫፋቸው ሳይሰነጠቅ ጠበቁኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። በጾሙ ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም ከቅዳሴ ስንመለስ አንዱን ቆርሼ ቀመስሁ። ጨው ትንሽ አንሶታል፤ የሚቀጥለው ላይ አስተካክለዋለሁ። ከዚያ ወደ ቸኮሌቱ ገባሁ። በዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልተከተፈም፤ ለምሳ ያደረ ሽሮ በልተናል።

በእኛ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለቸኮሌት ይህም ቢሆን እጅግ ብዙ ነው፤ ጥቁር ቸኮሌት ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ቢሞቅ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃውን አፍልቼ ድስቱን ከምድጃ አወረድሁ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን እንዳይነካ አድርጌ በላዩ አስቀመጥሁ። ሳህኑም ማንኪያውም በደረቅ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ተወልውለዋል። ከ300 ግራሙ 200ውን በቢላዋ አድቅቄ ጨመርሁና ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ዳሮቹ መሟሟት ሲጀምሩ ብቻ በቀስታ አማሰልሁት። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ ከሰል ለማቀጣጠል እሮጥ ነበር፤ አሁን ግን የሞቀው ውሃ ብቻውን ሥራውን ጨረሰው።

ሁሉም ከቀለጠ በኋላ ሳህኑን ከድስቱ አንስቼ ሥሩን ጠረግሁት። ያስቀረሁትን 100 ግራም ደቃቅ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሁ አማሰልሁ። ይህ ያልቀለጠ ቸኮሌት ሙቀቱን ያወርደዋል፤ ከዚያም በላይ ለቀለጠው እንደ እርሾ ይሆነዋል፤ ካካዎ ቅቤው በትክክለኛው አደራደር እንዲረጋ ይመራዋል። ለመንከር የሚስማማው ሙቀት 31 ወይም 32 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር የለኝም። ለሕፃን ወተት እንደሚደረገው ጠብታ የእጄ አንጓ ላይ ጣል አደረግሁ፤ የሰውነታችን ሙቀት 37 ገደማ ስለሆነ የደረሰ ቸኮሌት ቀዝቀዝ ብሎ ይሰማል። እርግጠኛ ለመሆን የቢላዋ ጫፍ ነክሬ መስኮቱ ጋ አስቀመጥሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው እያብረቀረቀ ደረቀ። በደስታ ልጄን ተጣርቼ አሳየኋት።

ኩኪሶቹን ከመንከሬ በፊት ከመስኮቱ አንስቼ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ አቆይቻቸዋለሁ። እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነገር ቸኮሌት ሲለብስ ልባሱ በኋላ ይሰነጠቃል። እኔ ግማሽ ጎናቸውን እየነከርሁ፣ ትርፉ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ እየጠበቅሁ፣ በኬክ መጋገሪያ ወረቀት ላይ አስቀመጥሁ። ልጄ ቸኮሌቱ ሳይደርቅ የተቆላ ሰሊጥ ትነሰንስበታለች። ሰሊጡ የእርሷ ሐሳብ ነው፤ እኔ አላሰብሁትም ነበር። ወደ መጨረሻ ላይ ቸኮሌቱ ሲወፍርብን ሳህኑን ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ወደ ሙቁ ውሃ መለስ አድርገን ቀጠልን። ሲደርቁ አፉ በሚገጥም ቆርቆሮ፣ ከወጥ ቤቱ ራቅ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁ። ማር ስላለበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለእንግዳም ከማቅረቤ በፊት ለውዝ የማይስማማው እንዳለ እጠይቃለሁ።

ገና ረቡዕ ዋለ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን ተመልሰን፣ ዶሮው ተበልቶ ቡና ሲፈላ ቆርቆሮውን ከፈትሁ። አልነጣም፣ ወጥ ወጥ አይልም። ለበዓሉ የመጣችው እናቴ አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው፣ ቀመሰችው፣ ዝም ብላ አኘከችና «ልጄ፣ ይህ እኮ ጭኮ ነው። ካባ አለበስሽው እንጂ» አለችኝ።

ልክ ናት። ጭኮ በሶ በንጥር ቅቤና በቅመም ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን በየበዓሉ ያቀርቡልናል፤ እኔም ስበላው ነው የኖርሁት። ቅቤውን በለውዝ ለውጬ፣ ማር ጨምሬ፣ ቸኮሌት ደረብሁበት እንጂ ሥራው ያው ነው።

የተረፉት 11 ኩኪሶች የጾም ስለሆኑ ዓርብም አልተከለከሉም፤ ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ሲደርስ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። እናቴ ግን ለጥምቀት ያዘዘችኝ ሌላ ነው፤ በንጥር ቅቤ የተለወሰ፣ ካባ የሌለው። አሥር ሠራሁላት። ልጄ ከአሥሩ ሦስቱን ወስዳ ሰሊጥ ነሰነሰችባቸው።