እጄ አርፎ አፌ ያላረፈባቸው እሑዶች

የዕረፍት ቀን ማክበር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። እሑድ ኮምፒውተር አልከፍትም፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ አልነካም፣ የቤቱን ጽዳትና የልብሱን እጥበት ቅዳሜ እጨርሳለሁ። ትእዛዙን የያዝኩት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ግን የ14 ዓመቱ ልጄ ከአልጋው አልነሣ ሲለኝ በሩ ላይ ቆሜ፣ «አንተ ሰነፍ! ዕድሜህን ሙሉ እንዲሁ ተኝተህ ልትቀር ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እማዬ፣ ዛሬ እኮ የዕረፍት ቀን ነው» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት በተራ የማነበው ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 ላይ ደረሰ። ሙሴና አሮን ሕዝቡ በምድረ በዳ ለእግዚአብሔር በዓል እንዲያደርግ ፈርዖንን ይለምኑታል። ፈርዖን ገለባውን ይከለክላል፤ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል ያዝዛል። የእስራኤላውያን አለቆች መጥተው ሲጮኹበት መልሱ አንድ ነው፦ «ሰነፎች ናችሁ ሰነፎች»። ቁጥር 17 ላይ ነው። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ቃሉ ከእኔ አፍ የወጣው ቃል መሆኑን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ኦሪት ዘዳግም 5፥15 ሰንበት የተሰጠበትን ምክንያት ሲናገር፣ በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። እኔ ከባርነት የወጡ ሰዎችን ቀን በፈርዖን አንደበት አከብር ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢሳይያስ 58፥13ን በሌላ ዓይን አነበብኩት። ነቢዩ ሰንበትን ስለ ማክበር ሲናገር ከንቱ ነገር ከመናገር መከልከልንም አብሮ ይጠይቃል፤ ቀኑንም ደስታ ብለን እንድንጠራው ይፈልጋል። ዘፀአት 35፥3 ደግሞ በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። ሕጉ የሚናገረው ስለ እውነተኛ እሳት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 አንደበትን እሳት ስለሚለው፣ ሁለቱን ቃላት በልቤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኳቸው። ምድጃዬ ጠፍቶ ቤቱ የሚነድበት ቀን ነበረና።

መጀመሪያ የሞከርኩት ዝምታን ነው። እሑድ ከማስፈለጉ በላይ ላለመናገር ወሰንኩ። አልሆነም። እስከ ቀትር ድረስ ባለቤቴ ያስቀየመኝ ነገር ያለ መስሎት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ልጆቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይንሾካሾኩ ጀመር። ደስታ የተባለው ቀን የኀዘን ቤት መሰለ። ኤፌሶን 4፥29 ክፉ ቃል ከአፋችሁ አይውጣ ካለ በኋላ የሚያንጽ ቃል ይውጣ ማለቱን ዘንግቼ፣ ግማሹን ብቻ ይዤ ነበር።

ቀጥሎ ማስታወሻ ያዝኩ። ለአራት እሑዶች ኃይለ ቃል በተናገርኩ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ማታ ጻፍኩ። 11 ጊዜ ሆነ፤ ሰባቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የተነገሩ ነበሩ። የጠፋ ጫማ፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ፣ ያልተገኘ ቁልፍ! ጸባይ ነው ብዬ የማስበው ነገር አብዛኛው የዝግጅት ጉድለት ሆኖ ተገኘ። ነህምያ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ገና ሲጨላልም፣ የኢየሩሳሌምን በሮች ያዘጋ ነበር (13፥19)፤ እኛም ቅዳሜ ማታ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ቁልፉን ቦታ ቦታ አስይዘን መተኛት ጀመርን። ይህ አንድ ነገር ከሌሎቹ ውሳኔዎቼ ሁሉ በላይ ረድቶኛል።

ስልኬም ሌላ አፍ ነበር። ኮምፒውተሬን ዘግቼ፣ አብራኝ ለምትሠራ ወጣት እሑድ ከሰዓት በኋላ «ነገ ጠዋት ይህን እንዳትረሺ» የሚል መልእክት እልክላት ነበር። ዘፀአት 23፥12 በሬህና አህያህ እንዲያርፉ፣ የባሪያህ ልጅና መጻተኛው እንዲተነፍሱ ይላል። የእኔ ዕረፍት የእርሷን ትንፋሽ እየወሰደ ነበር። አሁን የሚያስቸኩል የሚመስለኝን ነገር በወረቀት ጽፌ ለሰኞ አቆየዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ከተጻፈው ግማሹ አስቸኳይ ሆኖ አላገኘውም።

እስከ ዛሬ የሚታገለኝ ከአምልኮ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። ስብከቱ ረዘመ፣ እገሊት ለምን ቀረች፣ እገሌ ምን ነካው እንላለን። ቁጣ ስለሌለበት ኃጢአት አይመስልም። ማቴዎስ ምዕራፍ 12 የሚጀምረው ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን በሰንበት እሸት ቀጠፉ ብለው ሲከሱ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ጌታ ስለ ተናገርነው ከንቱ ቃል ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ እንደምንሰጥ ይናገራል። ሰው በሌላው ሰንበት ላይ ዓይኑን ሲተክል የራሱን አፍ እንደሚረሳ ከእነርሱም ከራሴም አይቻለሁ። አንዳንድ እሑድ ወሬውን በጥያቄ ለማዞር፣ «እርሷን የሚጠይቃት ሰው አለ?» ለማለት እሞክራለሁ፤ ሌላ ጊዜ ግን ከሁሉም በፊት የምጀምረው እኔው ሆኜ እገኛለሁ።

ለልጄ ይቅርታ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ፣ «ስለጮህኩብህ ይቅርታ» አልኩት። ዝም አለ። ከቀናት በኋላ ተመልሼ፣ «ሰነፍ ያልኩህ ስህተት ነው፤ ስምህ ይህ አይደለም» ስለው ነው ፊቱ የተፈታው። የጎዳው ጩኸቱ ሳይሆን ስሙ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ያዕቆብም የሚያዝነው በአንድ አፍ እግዚአብሔርን እየባረክን በእርሱ አምሳል የተፈጠሩትን ሰዎች ስለ መርገማችን ነው።

አሁን እሑድ ጠዋት በሩን አንኳኩቼ እገባለሁ፣ መጋረጃውን እገልጣለሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በስሙ እጠራዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ሦስት ጊዜ መጥራት ያስፈልጋል።