በጥፍር የተሰመረ መስመር

ገጽ 87 ላይ፣ ከላይ አራተኛው መስመር ሥር፣ የጥፍር ምልክት ነበረ። እስክሪብቶ አይደለም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታዘነብለው ብቻ የሚታይ ስርጉድ ነገር ነው። አየሁት። በአውራ ጣቴ ዳመጥኩትና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። ይቺ የአውራ ጣት ሥራ ሁለት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ)፣ ከሺህ በላይ ሉህ ወረቀትና ከእኔ ደመወዝ የሦስት ወር ቅናሽ በላች።

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ቅጥሬ «ገጽ ቀንባሪ» ይላል፤ እጄ ላይ ያለው ግን አራሚነትም፣ ደንበኛ ማባበልም፣ ፕሪንተር መጠገንም ነው። ዓመቱን ሙሉ የምናትመው ደረሰኝ፣ የሰርግ ካርድና የሙት ዓመት መታሰቢያ ስለሆነ መጽሐፍ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ድግስ ድግስ ይሸታል።

የዚያን ጊዜ የመጣው መድብል ነው። ዘጠኝ ጸሐፊ፣ ዘጠኝ አጭር ልብ ወለድ፣ 160 ገጽ፣ ሺህ ኮፒ። ሁሉም ጨለማ ታሪክ ነው። አንዱ ውስጥ ባቡር ከቀረ ዓመታት ባለፉት የድሮው ጣቢያ ሌሊት ሌሊት ትኬት የሚቆርጥ ሰው አለ፤ ሌላው ውስጥ ከተቀበረች እናቱ ስልክ የሚደወልለት ልጅ አለ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንድ ችግሩ፣ ተከታትለህ ስታነበው ሦስተኛው ታሪክ ላይ ፍርሃቱ ይደነዝዛል። በርበሬ እንደበዛበት ወጥ ነው፤ ምላስህ ከሞተ በኋላ ቢጨመርበት ምን ዋጋ አለው? አስተባባሪዎቹን ረዣዥሞቹ ታሪኮች መሀል አጫጭሮቹን እናስገባ ብዬ ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። በዚህ ብቻ የመጽሐፉ ግማሽ ባለቤት የሆንኩ መሰለኝ።

ከዘጠኙ አንዱ ስለ ጅብ ነው። ጸሐፊው ሐረርን ለጉብኝት ያያት ሰው ይመስለኛል። ጅብ ሌሊት ጀጎል ውስጥ ይገባል፣ ሰው በሩን ዘግቶ ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። የማሽን ኦፕሬተራችን የጀጎል ልጅ ነው። ፕሩፉን፣ ማለትም ለእርማት የወጣውን ኮፒ፣ ሻይ እየጠጣ አነበበና ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

«አቦ ምንድነው ይሄ! ወራባ ነው እንዴ የሚፈራው? ወራባ እኮ ጅኑን የሚበላልን ነው!»

እውነቱን ነው። ሐረር ውስጥ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ሲያመሽ ማንም አይጮህም። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል፤ ቀምሶ ካልበላ ነው ሰው ፊቱ የሚጠቁረው። ይህን ለጸሐፊው ደውዬ ነገርኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሳይቀየም በሁለት ቀን አዲስ ጽሑፍ ላከ፦ ገንፎው ይቀርባል፣ ጅቦቹ ይመጣሉ፣ ያሸታሉ፣ አንድ በአንድ ዞረው ይሄዳሉ። ሌላ ምንም የለም። ኦፕሬተሩ ሲያነበው ዝም አለ። ያቺን ዝምታ እስከዛሬ አስታውሳታለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ ገጽ 87ን በአውራ ጣቴ የዳመጥኩት።

የጥረዛ ክፍላችንን የምትመራው ሴት ሃምሳ ዓመት አካባቢ ትሆናለች። እትዬ እንላታለን፣ ግን አንቺ ነው የምንላት። (አንቱታ ድሬ ሲደርስ ከሙቀቱ የተነሳ ይቀልጣል ይባላል።) ሉህ የምታጥፈው በቀንድ ቁራጭ ነው፤ አጥፋ ስትጨርስ ጠርዙን በጥፍሯ ትዳምጣለች። ሥራዋ መጽሐፍ ማንበብ አይደለም፤ እሷ ግን ከመታጠፉ በፊት የማታነበው ወረቀት የለም። ፕሩፍ ስናወጣ የገጹ ቅደም ተከተል መስመሩን መያዙን እንድታይልኝ አንድ ጊዜ ታጥፍልኛለች። ምልክቱ የመጣው ያኔ ነው።

ታሪኩ የ1998ቱን ጎርፍ ይመለከታል። የጻፈው የድሬ ልጅ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ግን ገና በእግሩ አልቆመም ነበር። ልጁ መጻፍ ይችላል! እናትየው ከሰዓት ጀምራ በር ላይ ቆማ ከተማችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ታያለች፤ ልጇ ድንጋይ ይቆጥራል። ውሃው የመጀመሪያውን ድንጋይ ዋጠ፣ ሁለተኛውን ዋጠ፣ ሲመሽ ሰባተኛው ላይ ደረሰ። ሦስት ገጽ ሙሉ እንዲህ እየጨመረ ይሄዳል። አንብቤ ስጨርስ እጄ ቀዝቅዞ ነበር፣ ያውም በሰኔ ድሬ። ከዘጠኙ የምወደው እሱን ነበር። ምልክቱ ያረፈውም «ውሃው ቀስ በቀስ ጨመረ» ከሚለው ሥር ነው።

እትዬ ፕሩፉን ስትመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ይሄ ልጅ ደቻቱን አያውቀውም።»

«እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኳት።

«እ» አለችና ሄደች።

ኦፕሬተሩን ሰምቼ እሷን ለምን እንዳልሰማሁ ብዙ አስቤበታለሁ። እሱ ጮኸ፣ ሳቀ፣ አሳቀን። እሷ በጥፍሯ ሰመረች። ደግሞ የጅቡን ታሪክ አልወደድኩትም ነበር፣ ይሄንን ወድጄዋለሁ። የወደዱትን ጽሑፍ ማረም የራስን ልጅ እንደመምታት ነው፣ እጅ አይታዘዝም።

ፕሌቱ ወጣ፣ ታተመ። አሥር ፎርም (አንድ ላይ ታትሞ የሚታጠፍ ሉህ)፣ እያንዳንዱ 16 ገጽ። የጎርፉ ታሪክ ከ82 እስከ 94 ሆኖ ሙሉ በሙሉ ስድስተኛው ፎርም ላይ አረፈ፤ በኋላ ያዳነን ይሄ ነው። ማጠፍ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ልጁ ራሱ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው ሲታተም ማየት ፈልጎ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ስለነበረ ከተማው ተጋድሟል፣ ማሽኑም ቆሟል፤ እትዬ ብቻ ቬንትሌተሩ ሥር ቁጭ ብላ ታጥፋለች። ደራሲው ይሄ ነው ብዬ አስተዋወቅኳት። ቀና ብላ አየችውና፣

«ልጄ፣ ማን ነው ውሃው ጨመረ ያለህ?» አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። ማንም አላለኝም፣ ጎርፍ ሲባል እንደዚያ መስሎኝ ነው አለ።

«አልጨመረም» አለች። «መጣ።»

ከዚያ ነገረችው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሁለቱን ሰፈሮች፣ ከዚራና መጋላን፣ የሚለየው ደረቅ ሜዳ። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እዚያ የጣለው አንድ ላይ ተሰብስቦ ቁልቁል ሲወርድ ማንም በር ላይ ቆሞ ድንጋይ አይቆጥርም፤ ሌሊት ነበር፣ ሰው ተኝቷል። መጀመሪያ የሰማችው ውሃ አይደለም፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። የጭነት መኪና የሚገለብጥ መስሏት ነበር። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ነው የሞተው፤ ይሄንን ቁጥር ልጁም ያውቀዋል፣ ታሪኩ መጨረሻ ላይ ጽፎታል። ድንጋዩን ግን አያውቅም።

እጇ እያጠፈ ነው የምታወራው። «በሦስተኛው ቀን» አለች፣ «የቤታችንን በር አሸዋው ላይ አገኘሁት። ቤቱ የለም። በሩ ግን ከነመቃኑ ተጋድሟል፣ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ደግሞ አንገቴ ላይ ነበር።»

ልጁ ሳያውቀው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ነበር። እትዬ መዳፏን ደብተሩ ላይ አሳረፈች።

«በሩን ተወው። በሩ የኔ ነው። የውሃውን አመጣጥ ብቻ አስተካክል።»

(እዚህ በሩን የጻፍኩት አስፈቅጃት ነው። «ስሜን ካላነሳህ» ነው ያለችኝ። መጽሐፉ ውስጥ ግን የለም።)

አለቃችን ሲሰማ ያለውን ሁሉ አልደግመውም። ዋናው ጥያቄ «ማን ይከፍላል?» የሚል ነበር። ልጁ ገንዘብ የለውም፣ አስተባባሪዎቹም የሳንቲም ሰዎች አይደሉም። ፕሩፉን አውጥቼ ገጽ 87ን ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ዳምጬዋለሁ ያልኩት ምልክት አሁንም አለ፣ ወረቀት የተሰረጎደውን አይረሳም። ከመታተሙ በፊት ተነግሮኝ ነበር አልኩ። ወረቀቱን ቤቱ ቻለ፣ ፕሌቱና የማሽን ሰዓቱ ከእኔ ደመወዝ በሦስት ወር ተቆረጠ።

አሁን ሌላ ጣጣ አለ። አዲሱ ጽሑፍ ልክ 13 ገጽ መሆን አለበት፤ አንዲት መስመር ከተረፈች ሰባተኛው ፎርም ይነካል። ያ የሦስት ገጽ የድንጋይ ቆጠራ ሲወጣ ጎርፉ ራሱ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ድምፅ፣ ከዚያ ምንም። ሁለት ገጽ ተኩል ባዶ ቀረ። ልጁ እዚያው እኛ ቤት፣ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሞላው። ምን ጻፈበት? ደረቁን አሸዋ። የታጠበ ልብስ ይሰጣበታል፣ ሰው በጥላ ይሻገረዋል፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ ሲመሽ እናትየው ትጣራለች፣ ልጁ ኳሱን እዚያው ትቶ ይገባል፣ ነገ አነሳዋለሁ ይላል። ስለ ውሃ አንድ ቃል የለም። እኔ ገጹን ስቀነብር ያቺን «ነገ» የሚል መስመር ላይ መቆም አቅቶኝ ወጣሁና ደጅ ቆሜ ተመለስኩ።

የተጣለው ፎርም በኪሎ ተሸጠ። በሳምንቱ ከፊራ ገበያ ለውዝ ስገዛ ጥቅልሉ ላይ ሁለተኛው ድንጋይ ሲዋጥ አነበብኩ። ለውዙ የባቢሌ ነበር፣ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፕሩፍ ሁሉ በእትዬ በኩል ያልፋል፤ አለቃችን «የሰርግ ካርድም?» ብሎ ቢያጉረመርምም። ባለፈው የሰርግ ካርድ ፕሩፍ መለሰችልኝ፤ ቀኑ ሥር ጥፍሯ አለ። ታኅሣሥ ነው፣ በጾም ማን ያገባል ብዬ ፈጥኜ ለደንበኛው ደወልኩ። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ወንድሜ፣ እኛ ፕሮቴስታንት ነን» አለኝ። እትዬ ስነግራት ቀንዷን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አቦ አንተ ደግሞ፣ ማጠፊያው እኮ ነው ያልኩህ! ቀኑ የሚታጠፍበት መስመር ላይ ወድቋል።»