የሳሎን ጠረጴዛ ከመረከባችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት

ሶፋ ፊት የሚቀመጥ ጠረጴዛ ማሠራት ምን ይከብዳል? ልኩን ወሰድኩ፣ እንጨቱን መረጥኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ አመጡልኝ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

የተለመደው ምክር ርዝመቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ይሁን፣ ከሶፋው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከፍታው ደግሞ ከመቀመጫው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል ነው። በከፍታው አልስማማም። ይሄ ጠረጴዛን ለአበባ ማስቀመጫ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። እኛ ቤት ይበላበታል፣ ይጠናበታል፣ ላፕቶፕ ይከፈትበታል፣ ማንም ሳያይ እግርም ይሰቀልበታል። ከመቀመጫው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ አሠራሁት፣ ወገቤም ተገላገለ።

ያቃጠለኝ የላይኛው ገጽ ነው። በኮላ የተጋጠመ ሙሉ ጣውላ ነበር፤ ማማሩንስ ያምራል። አየሩ ደረቅ ማለት ሲጀምር አንድ ማታ «ቷ!» አለ። ብርጭቆ የተሰበረ መስሎኝ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ጠዋት ሳየው ከጫፉ ተነስቶ እስከ መሃል የደረሰ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ።

አናጺው መጣ። ጎንበስ ብሎ ከስሩ እንኳን ሳያይ «የቤትህ አየር ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ትኩስ ነገር አስቀምጣችሁበት ይሆናል»። በመጨረሻ «እንጨት እኮ እንዲህ ነው»። እንጨት እንዲህ መሆኑን ካወቅክ ታዲያ ለምን እንደዚያ ቸነከርከው? በኮላና በእንጨት ብናኝ ደፍኖ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው አጠገቡ ሌላ ተከፈተ።

ገልብጬ ሳየው ነው የገባኝ። ዙሪያውን ከፍሬሙ ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጎ፣ ሳይበቃው ኮላ ጨምሮበታል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ ይህን ያህል አይንቀሳቀስም፣ በወርዱ ነው ጉዱ። ግራና ቀኝ ቀፍድደህ ከያዝከው መኮማተሪያ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፦ ፍሬሙ ላይ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ወርዱ ሞላላ ይሁን፣ ገጹና ፍሬሙ በኮላ አይጣበቁ። ሌላ ባለሙያ እንደዚያ አድርጎ አሰረልኝ፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ ስንጥቅ የለም። አሮጌዎቹ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያናድዱኛል።

ኤምዲኤፍ (የተፈጨ እንጨት ከኮላ ጋር ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ይሻላል የሚሉ አሉ። እሱ እንዲህ አይሰነጠቅም፣ ግን በጠርዙ ውሃ ከገባ ያብጣል፣ ወደነበረበትም አይመለስም። መስታወት ከሆነ የግድ ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ) ይሁን፤ እሱም ቢሆን ጠርዙ ከተመታ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። እኔ አሁንም ሙሉ እንጨት እላለሁ። ቀሪውን ክፍያ ግን ገልብጣችሁ ብሎኖቹን ካያችሁ በኋላ ክፈሉ፣ አናጺው ቅር ቢለውም።