በሲሚንቶ የታፈነው ቤት

የምሠራው አሮጌ ቤቶችን በሚያድስ ቡድን ውስጥ ነው። እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ፣ ከላቨንሃም ብዙም በማይርቅ መንደር አንድ የእንጨት ቤት እንድናይ ተጠራን። ባለቤቷ አዛውንት መጀመሪያ ያሳዩን ፎቁን ነው። ከምድር ቤቱ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ ዘሟል። "ሳይወድቅብኝ ቀና አድርጉልኝ" አሉ።

የፊት ግድግዳው ግን አላሳሰባቸውም። የቀድሞው ባለቤት በሲሚንቶ አስለስኖታል። ልሙጥ ነው፣ ያምራል።

አንጋፋው አናጢያችን ፎቁን አየት አድርጎ አለፈው። ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን ግርጌ በመዶሻ መታ መታ አደረገ። "መክፈት ያለብን እዚህ ነው" አለ።

ሲሚንቶውን ስናነሳ ቋሚዎቹ ሁሉ የተተከሉበት የታችኛው አግዳሚ በእጃችን ተፈረፈረ። ኦክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው እኮ! 500 ዓመት ገደማ የኖረ ኦክ!

የዚያ ዘመን አናጢዎች ኦክን በእርጥቡ ነበር የሚሠሩበት፤ ከደረቀ ለመሣሪያ ያስቸግራል። ቤቱ ከቆመ በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። መጋጠሚያው በእንጨት ችካል የተያዘ ስለሆነ ትንሽ ይላወሳል እንጂ አይላቀቅም። በቋሚዎቹ መካከል ማገር አለ፤ በላዩ ጭቃና ጭድ ተመርጎበታል፣ ኖራ ተቀብቷል። ይህ ሁሉ የገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። እንጨቱ ሲላወስ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል።

ከሲሚንቶው ሥር ሌላም ነገር ወጣ፦ ቋሚዎቹ ላይ የሮማ ቁጥር የሚመስሉ ጭረቶች። እንጨቱ መጀመሪያ ቤቱን በሠራው አናጢ ግቢ መሬት ላይ ተገጥሞ፣ የቱ ከየቱ እንደሚሄድ ምልክት ተደርጎበት፣ ተፈትቶ ተጓጉዞ ነው እዚህ የቆመው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያንን የመሰለ እጅ ሥራ በሲሚንቶ መድፈን ያናድዳል።

"ታዲያ ፎቁስ?" አሉ ሴትዮዋ።

"መዝመሙን ድሮ ጨርሷል። አሁን ቀና እናድርገው ካልን መጋጠሚያውን እንሰብራለን" አላቸው አናጢው።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ እስኪመጣ ጠበቅን። ከዚያ ቤቱን በድጋፍ ይዘን፣ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠን አዲስ ኦክ ቀጠልንበት። ጭቃውን መረግን፣ ኖራውን ቀባን። ፎቁን አልነካነውም።

አዲሱም ኦክ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ዙሪያውን መሰንጠቁ አይቀርም። ስንጥቁን በኖራ እንጂ በሲሚንቶ እንዳያስደፍኑ ለሴትዮዋ ነገርናቸው። እሳቸውም ኖራ የት እንደሚሸጥ ጠይቀው ጻፉ።