«ደህና ነኝ» ያለው የግራ ጋርድ

በአሜሪካ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፉትቦል ቡድን የጤና ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ፉትቦል የምለው ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ አጥልቀው የሚጋጩበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። በዚያ ዓመት ኃላፊነት የተሰጠኝ ኦፌንሲቭ ላይን በሚባሉት ተጫዋቾች ላይ ሲሆን፣ እነሱም አንድ ሴንተር፣ ሁለት ጋርድና ሁለት ታክል ሆነው ጎን ለጎን የሚሰለፉ አምስት ግዙፍ ወጣቶች ናቸው። ሥራቸው ኳስ ይዞ መሮጥ ሳይሆን፣ ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ እንዳይመታ በገላቸው መከለልና ለሚሮጠው ጓደኛቸው መንገድ መክፈት ነው።

ስለ እነዚህ ልጆች ኑሮ ጥቂት ካልተናገርኩ የሆነውን ነገር ማስረዳት አልችልም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደመጡ አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፉት ሳይሰለፉ፣ ብረት በማንሳትና ሳይርባቸውም በመብላት ነው። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው በብረት ድጋፍ ይታሰራሉ፤ ጣቶቻቸው ተሰብረው ይድናሉ፣ ድነውም እንደገና ይሰበራሉ። ለዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከሚሰጡት ሽልማቶች ሁሉ ታዋቂ የሆነው ሃይዝማን እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሲሰጥ አንድም ጋርድ፣ ታክል ወይም ሴንተር አላገኘውም። በጨዋታ መካከል ዳኛው ቁጥራቸውን በድምፅ ማጉያ የሚጠራውም ጥፋት ሲሠሩ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ አራትና አምስት ዓመት የቆየ ወጣት ሕመሙን መዋጥ የሙያው አንድ ክፍል አድርጎ ይለምደዋል።

ነገሩ የተፈጠረው በኦገስት ወር፣ ሙሉ ትጥቅ ለብሰው በተለማመዱበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የግራ ጋርዱን ቁርጭምጭሚት በፋሻ ያሰርኩት እኔው ነበርኩ። 140 ኪሎ የሚመዝን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ በጣም ጨዋ ልጅ ነው። ያን ዕለት ቁርስ እንዳልበላና ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው እንደሰነበተ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ልምምዱ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል፣ አየሩ እርጥበት አዘል ስለሆነ ላብ እንኳ አይደርቅም። አምስቱ ወደ መስመሩ ሲመለሱ ጋርዱ በቀኝ በኩል ሄዶ ቆመ። ሴንተሩ ማልያውን ይዞ ወደ ቦታው መለሰው። ይህን በዓይኔ አየሁ። ቀረብ ብዬ «ደህና ነህ?» አልኩት። አውራ ጣቱን አንሥቶ «ደህና ነኝ» አለኝ፤ ውኃ ሰጠሁትና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሄልሜቱን አውልቄ በግንባር የሚለካውን ቴርሞሜትር ስደቅንበት 37.9 አሳየኝ፤ እፎይ አልኩና ወደ ጥላ ልወስደው ተነሣሁ። በዚህ ጊዜ አለቃዬ ሮጠው ደረሱ። ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ያ ጨዋ ልጅ በምላሹ ሰደባቸው። ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም፤ «ወደ ገንዳው!» አሉ። ትጥቁን ቆርጠን ስድስት ሆነን ተሸክመን በረዶና ውኃ ወደተሞላው ገንዳ አስገባነው። በፊንጢጣ በሚገባው ቴርሞሜትር ሲለካ 41.4 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። በሩጫና በግጭት የጋለ ሰው ቆዳው በላብና በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ፣ የግንባር መለኪያ በውስጥ ያለውን ሙቀት አያሳይም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ተፈትኜም አልፌዋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ማመን የፈለግኩትን ቁጥር አመንኩ።

ውኃው ውስጥ እንዳይሰምጥ በሁለቱ ብብቶቹ ሥር አንሶላ አሳልፌ ከኋላው ያዝኩት። ሌሎቹ ውኃውን ያለማቋረጥ ያማስሉ ነበር፤ ካልተማሰለ ገላውን የከበበው ውኃ ወዲያው ይሞቃልና። አምቡላንሱ ደርሶ ነበር፤ አለቃዬ ግን አስቁመው አስጠበቁት፤ ሂት ስትሮክ፣ ማለትም ገላ ከመጠን በላይ ግሎ አእምሮን የሚያውክ ለሞት የሚያደርስ ሕመም የያዘው ሰው በመጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይጓዛል። ከ13 ደቂቃ በኋላ ሙቀቱ ወደ 38.9 ሲወርድ አወጣነው። ያኔ ልጁ ዓይኑን ገልጦ ልምምዱ አልቆ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር ሜይ 29 ቀን 2018 ሩጫ ሲለማመድ ወድቆ፣ ጁን 13 ቀን ሕይወቱ ማለፉን አስታወስኩ። እሱም ኦፌንሲቭ ላይንማን ነበር። በውኃና በበረዶ አልተነከረም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በኋላ ለስሕተቱ ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነት እንደሚወስድ በይፋ ተናግሯል። ከእሱ በፊት ሚኔሶታ ቫይኪንግስ በተባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ታክል የነበረው ኮሪ ስትሪንገር በ2001 በዚሁ ምክንያት ሞቷል። የሁለቱም ሥራ አንድ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም፤ ገላው የገዘፈ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት ብዙ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቆዳ ግን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

በማግሥቱ የሆነውን በየደቂቃው እንድጽፍ ታዘዝኩ። «ደህና ነህ?» ካልኩበት ገንዳው ውስጥ እስከገባበት 7 ደቂቃ አልፏል። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ «ደህና ነኝ አለ» ብዬ የጻፍኩትን መስመር በእስክሪብቶ አስምረው ብቻ መለሱልኝ። ያ መስመር ከቁጣ በላይ አሳመመኝ። እኔ እኮ የታመመ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በሚልበት አገር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ቃል መልስ ሳይሆን ሰላምታ እንደሆነ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሴንተሩን ሳነጋግረው ደግሞ ጓደኛው በዚያ ጠዋት ለሦስት ተከታታይ ጨዋታ (ኳሱ ከተነሣ እስኪቆም ያለችው እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ጨዋታ ትባላለች) በተሳሳተ እግሩ እንደተነሣ ነገረኝ። አምስቱ እንደ አንድ ሰው ስለሚንቀሳቀሱ፣ የአንዱ እግር ግማሽ እርምጃ ቢዘገይ ከጎኑ ያለው ከእኔ አስቀድሞ ያውቃል፤ ግን የደከመው መስሎት ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ከአምስቱ ማንኛውም፣ ከጎኑ ያለው ጓደኛው ደህና እንዳልሆነ ሊጠቁመኝ እጁን በራሱ ጭንቅላት ላይ ቢያሳርፍ፣ አሠልጣኙን ሳላስፈቅድ ጓደኛውን ከሜዳ አወጣለሁ። በ«አዎ» ብቻ የሚመለስ ጥያቄ መጠየቅም ትቻለሁ፤ አሁን የተጠራው ጨዋታ ምን እንደሆነና የእሱ ድርሻ የቱ እንደሆነ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ።

ልጁ ከሳምንታት በኋላ ሐኪም ፈቅዶለት ተመለሰ። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ እግሩን ሲዘረጋልኝ፣ ፋሻውን ገና ሳልፈታው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ አስቀምጦኛል» አለኝ። ፋሻውን አስቀምጬ ምን ያህል ውኃ ከገላው እንደወጣ ለማየት ወደ ሚዛኑ ወሰድኩት።