ተናዶ ነው ወይስ ፈርታ?

ባለፈው ወር አንድ አባት በር ላይ ልጁን "ወንድ ልጅ አያለቅስም!" ሲለው ሰማሁ። ልጁ 4 ዓመቱ ነው። ጣቱ ላይ በር ተዘግቶበት ነበር። ያኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ዛሬ የወላጅ ስብሰባ ነበረን። "ጥናት" ብዬ ብጀምር ግማሹ ስልኩን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ኬጂ ሳስተምር ስንት ዓመቴ! ስለዚህ መጀመሪያ አስገመትኳቸው። የእህቴን ልጅ ለቅሶ ቀድቼ ነበር። በቀኝ ለተቀመጡት "ወንድ ነው"፣ በግራ ላሉት "ሴት ናት" የሚል ብጣሽ ወረቀት ሰጠሁና ለምን እንደሚያለቅስ ጻፉ አልኳቸው።

በቀኝ "ተናዶ"፣ "እልኸኛ ነው" በዛ። በግራ "ፈርታ"፣ "ሆድ ብሷት"። አንዲት እናት ብቻ "ርቦት" ብላ ጻፈች። እውነትም ርቧት ነበር።

ከሳቁ በኋላ ነገርኳቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ204 ሰዎች የ9 ወር ሕፃን ቪዲዮ አሳዩ። ሕፃኑ ክዳኑ ሲከፈት አሻንጉሊት ብቅ ከሚልበት ሳጥን ፊት ያለቅሳል። ወንድ ነው የተባሉት ንዴት አዩ፣ ሴት ናት የተባሉት ፍርሃት። ቪዲዮው አንድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ3 ወር ሕፃናት ለቅሶ ላይ በወንድና በሴት መካከል የድምፅ ቅጥነት ልዩነት አላገኘም። አዋቂዎቹ ግን ቀጭኑን በብዛት ለሴት ሰጡት።

"ሚስ፣ ልጄን ሴት ልታደርጉብኝ ነው?" አለ አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ "ለቅሶ ቤት ወንዱ ሁሉ ደረቱን እየመታ ያለቅስ የለ? ማን ከለከለ?" አለ።

ለሁለተኛው መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። አሁን ማታ ላይ ነው የመጣልኝ፦ ታዲያ ወንድ ልጅ ለማልቀስ ሰው እስኪሞትበት ይጠብቅ? ምናለ እዚያው ብለው ኖሮ!

ስንወጣ የዚያ አባት ልጅ ደረጃው ላይ ተደናቅፎ ጮኸ። አባትየው "ወንድ ል…" ብሎ ጀመረና ዞር ሲል አየኝ። ቆመ። ቀጥሎ የሚለው የጠፋው ይመስላል። ጎንበስ ብሎ በራሱ ሻርፕ ጫፍ የልጁን ንፍጥ ጠረገለት። ልጁ ማልቀሱን አላቆመም። አባትየውም ዝም በል አላለውም።